እሳት ያልነደደበት ምድጃ

የኅዳር ጽዮን በዓል ባለፈ ማግስት፣ ጠዋት፣ የማድ ቤት ሠራተኛዋ ፈንታዬ ጀሪካኗን አንጠልጥላ በክቡ ግንብ በኩል ስታልፍ በሩ ገርበብ ብሎ አየች። ከደረጃው ሥር ሁለት እግር ተዘርግቷል። የቤቱ ጠባቂ የጋሽ ወልደ ኪዳን እግር ነው። ሽማግሌው በዓሉን ከመጠን በላይ አክብረው እዚያው እንቅልፍ የጣላቸው መስሏት «ኧረ ጋሼ፣ ብርዱ ይፈጅዎታል!» አለቻቸው። ቀረብ ብላ ፊታቸውን ስታይ ግን ጀሪካኑን ጥላ እሪታዋን አቀለጠችው።

ኢንስፔክተር ትርሲት ስትደርስ ግማሹ ቢቸና ቀድሟት ነበር። ባጃጆች በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። ሁሉም ገና ሳይጠየቅ ይመሰክራል። «ወድቀው ነው፤ እርጅና ነዋ» ይላል አንዱ። «ምን መውደቅ፣ ቤቱ ራሱ ሰው ይበላል» ትላለች ሌላዋ።

እውነትም ቤቱ ለአሉባልታ የተመቸ ነው። የዛሬዋ ባለቤት አያት ፊታውራሪ ገብረ ማርያም በዘመናቸው አንድ ፈረንጅ የብስኩት ቆርቆሮ አመጣላቸው። ክዳኑ ላይ የእንግሊዝ ባላባት የገጠር ቤት ተስሎበታል። ብስኩቱን ለልጆች በትነው ቆርቆሮውን ለግንበኛ ሰጡ፤ «ይህን ሥራልኝ» ብለው። ግንበኛውም ሥዕሉ ላይ ያየውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ሠራ። አናቱ እንደ ጥርስ የተፈለፈለ ክብ ግንብ፣ ሹል ጣሪያ፣ ባለ ቀስት መስኮት፣ የበር ጠባቂ ቤት፣ የፈረስ ቤት፣ የጋሪ ቤት፣ የልብስ ማጠቢያ ቤት፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ ጢስ ወጥቶባቸው የማያውቁ ጢስ ማውጫዎች። አገሩ ግን ቢቸና ነውና በጋሪ ቤቱ ጤፍ ገባበት፣ በልብስ ማጠቢያው ጠጅ ተጣለበት።

ትርሲት ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ከማጅራታቸው በላይ የራስ ቅላቸው ተሰንጥቋል። ደረጃው ላይ የደም ጠብታ የለም፤ አቧራው እንኳ አልተነካም። የጫማቸው ተረከዝ ተፍቋል። ጥፍራቸው ውስጥ የደረቀ ጭቃ አለ።

«ከደረጃ የወደቀ ሰው ተረከዙ አይፋቅም» አለች ለራሷ። «ሰው ጎትቶ ነው ያመጣቸው።»

ግቢውን ዞረችው። ፈረስ ቤቱ ፊት ለፊት ለቤቱ እድሳት የተቀጠረው ግንበኛ ያቦካው የጭቃ ጉድጓድ አለ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ እንዲብላላ የተተወ ነው። ላዩ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል፤ ቅርፊቱ ላይ የውሻ ኮቴ አለፍ አለፍ ብሎ ይታያል እንጂ ሌላ የነካው የለም። በጽዮን ማን ጭቃ ይነካል? አየችውና አለፈች።

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይነሽ አዳራሹ ውስጥ ትልቅ ምንጣፍ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀምጠዋል። ጥቁር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። የሠፈሩ የማርያም ማኅበር አለቃ ናቸው፤ እሳቸው ሲገቡ ከተማው ከመቀመጫው ይነሳል።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ።»

«ልጄ፣ ወልደ ኪዳን ጠባቂዬ ብቻ አልነበሩም። ከአባቴ የተረፉኝ ሰው ነበሩ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«መቼ ነው መጨረሻ ያዩዋቸው?»

«በዋዜማው፣ ከሰዓት። በበዓሉ ዕለት ሳጣቸው ዘመዶቻቸው ዘንድ የሄዱ መሰለኝ። እኛም ቤተ ክርስቲያን ውለን እዚያው ዝክር ቤት አመሸን፤ ግቢው ባዶ ነበር።»

«ጠላት ነበራቸው?»

«ያ ግንበኛ፣ ስጦታው። በዋዜማው ሲጨቃጨቁ አገር ሰምቷል። ‹አጥንትዎን ነው የምሰብረው› አላቸው። ከዚያ ዕቃውን ጥሎ ሞጣ ገባ። ንጹሕ ሰው ይሸሻል?»

ትርሲት ጻፈች። ቀና ስትል ከምንጣፉ ጎን የአንድ ወታደር ፎቶ አየች፤ ጎልማሳ፣ ቀበቶው ያብረቀርቃል።

«ወንድሜ አንዷለም ነው» አሉ ሴትዮዋ ሳትጠይቃቸው። «መንግሥት ሲለወጥ ሱዳን ገባ። ይመጣል ብዬ ይኸው ፀጉሬ ሸበተ።»

ጠባቂው በር ላይ ባለችው ቤት ነበር የሚያድሩት። ፈንታዬ እያለቀሰች በሩን ከፈተችላት። አልጋ፣ ዳዊት፣ አንድ ሳጥን። ከአልጋው ሥር ግን በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ሱቅ ሱቅ የሚሸት ነጭ አቡጀዲ ተገኘ።

«መግነዛቸው ነው?» አለች ትርሲት።

ፈንታዬ ሳጥኑን ከፍታ ሌላ ጨርቅ አወጣች፤ ያረጀ፣ ታጥቦ የታጠፈ። «የሳቸውማ ይኸውና፤ ካዘጋጁት ስንት ዘመኑ። ያንን ባለፈው ገበያ ነው የገዙት። ‹ለማን ነው ጋሼ?› ብላቸው ‹ላልተቀበረ ሰው› አሉኝ። እኔ የሽማግሌ ነገር ብዬ ተውኩት።»

ትርሲት ሁለቱንም ጨርቅ አየች፤ ነገሩ አልጣማትም።

ጣቢያ ስትመለስ አለቃዋ ኮማንደር ውበቴ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት። ሐኪሙ ሽማግሌው የሞቱት በዋዜማው ምሽት ነው ብሏል። ግንበኛው ደግሞ ሞጣ እናቱ ቤት ተይዟል።

«ዛተ፣ ጠፋ፣ ሟቹ ጥፍር ውስጥ ጭቃ ተገኘ» አለ ውበቴ። «ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ወንጌል ይነበብልሽ? ሰኞ መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ይግባ።»

«ጌታዬ፣ ያልገባኝ ነገር አለ።»

«ያልገባሽን እስከ ሰኞ አስገቢው።»

ከጣቢያው በር ላይ ሕፃን ያቀፈች ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የስጦታው ሚስት ይርጋነሽ ናት። ትርሲትን ስታይ ተነሳች። ዓይኗ አብጧል።

«እህቴ፣ እሑድ የልጄ ክርስትና ነው» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ገድሏል? ከገደለ ልጄን ይዤ አባቴ ቤት ልሂድ። የነፍሰ ገዳይ ልጅ ተብሎ እዚህ አያድግም።»

«አንቺ ምን ትያለሽ? ባልሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ይርጋነሽ አንገቷን ደፋች። «ሲቆጣ አያድርስ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ እንጃ።»

ትርሲት ልቧ ተሰበረ። ባልን ሚስቱ ከተጠራጠረችው ዳኛ ምን ያድርግ?

ሌላም የሚጠረጠር ነበር። የወይዘሮ ፀሐይነሽ ልጅ ታዘበው ቤቱን የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርገው ግንበኛ የቀጠረ እሱ ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ እንቅፋት ሆነውበት ነበር አሉ። ትርሲት ስልክ ስትደውልለት እየተንተባተበ «ደጀን ነኝ፤ ከዋዜማው ጀምሮ» አላት። መንተባተቡ አልጣማትም፤ ደጀን ያሉ የምታውቃቸውን ፖሊሶች አስጠየቀች። እውነቱን ነው፤ መኪናው ተበላሽቶበት መካኒኩም፣ አልጋ ያከራዩት ሴትዮም አረጋገጡ። የተንተባተበው አልጋውን የያዘው ብቻውን ስላልነበረ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባት።

የሽማግሌው ቀብር ዕለት ትርሲት አውቶቡስ ተሳፍራ ሞጣ ወረደች። ስጦታው በሞጣ ጣቢያ ጭር ባለች ክፍል ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሰፊ እጅ ያለው፣ ቶሎ የሚደነግጥ ሰው ነው።

«ለምን ሸሸህ?»

«ኧረ በጽዮን! እኔ ምን ብዬ እሸሻለሁ? በየዓመቱ ለጽዮን እናቴ ዘንድ ነኝ። በዋዜማው እህል የጫነ አይሱዙ አግኝቼ መጣሁ።»

«ሾፌሩ ማነው?»

«ስሙን ጠይቄው ቢሆን ጥሩ ነበር። በበዓሉ ዕለት ሞጣ ያላየኝ የለም፤ የዋዜማውን ግን እግዜር ነው ምስክሬ።»

«ሽማግሌውን አጥንትዎን እሰብራለሁ ብለሃል።»

«ብያለሁ፤ አልክድም። አፌ ነው እኮ የሚገድለኝ። ድጂኖዬን ከእጄ ሲነጥቁኝ ደሜ ፈላ። ምድጃውን አትነካም አሉኝ።»

«የምን ምድጃ?»

«የአዳራሹ ነዋ። አቶ ታዘበው ‹ፈረንጅ እሳት ዳር መቀመጥ ይወዳል፤ ክፈተው› ብሎኝ ነበር። ከምንጣፉ ጀርባ ነው፤ ተደፍኗል። ቤቱ በድንጋይና በኖራ ነው የተሠራው፤ እዚያ ላይ ግን ጡብ በጭቃ ነው። ኋላ ሰው ደፍኖታል ማለት ነው።»

«አንተ ከፈትከው?»

«ጫፉን አልነካሁትም! ኋላ እኮ ታርቀናል። ሽማግሌው ተረጋግተው ጠሩኝና ‹ልጄ፣ እስከ በዓሉ ማግስት ታገሠኝ፤ እኔው በወጉ እከፍትልሃለሁ› አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።» ስጦታው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሚስቴ እንዴት ናት?» አለ።

«ቢቸና፣ ጣቢያው በር ላይ ናት» አለችው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ይርጋነሽ ልትናገር አልደፈረችም።

በማግስቱ እስረኛውን ይዛ ቢቸና ገባች። ጣቢያ አስረክባው በቀጥታ ወደ ፊታውራሪው ቤት ሄደች። ከመግባቷ በፊት ውጭ ቆማ ጣሪያውን አየች። እውነትም አንደኛው ጢስ ማውጫ ቀጥ ብሎ የወጣው ወይዘሮ ፀሐይነሽ ወንበራቸውን ካስጠጉበት ግድግዳ ላይ ነው። ግንበኛው አልዋሸም።

ከዚያ ፈረስ ቤቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። የጭቃው ጉድጓድ ተነክቷል። የውሻ ኮቴ ያረፈበት ቅርፊት ተሰባብሯል፤ ከመሐሉም ጭቃ ተዝቆ ተወስዷል። የአካፋ ፈለግ የለም። በሣህን ነው የተዛቀው፤ የሣህኑ ክብ ጠርዝ እንደ ማኅተም ታትሞ ቀርቷል። ግንበኛው ከታሰረ በኋላ ማን ነው ጭቃ የፈለገ?

ሴትዮዋ ጓዳ ነበሩ። ትርሲት ድምጿን ሳታሰማ አዳራሹ ገባችና የምንጣፉን ጫፍ ገለጠች። ግድግዳው ጠቁሯል፤ ይሸታል። አውራ ጣቷን ስታሳርፍበት ገባ። እርጥብ ነው። ልስኑ ደግሞ የግንበኛ ማለስለሻ የካዙላ ሥራ አይደለም፤ መዳፍ እያዞረ የለቀለቀው ነው። ሴቶች የቤታቸውን ግድግዳ እንዲህ ነው የሚለቀልቁት። ትርሲት እናቷ ስትለቀልቅ እያየች ነው ያደገች፤ የሴት እጅ አይጠፋትም።

ግቢው ውስጥ ሴቶች ሁለት ናቸው። ለቅለቃ የሚያውቅ እጅ ደግሞ የሠራተኛ እጅ ነው። ማድ ቤት ገብታ ፈንታዬን ያዘቻት።

«እጅሽን አሳዪኝ።»

ፈንታዬ ሁለት የተሰነጣጠቀ መዳፍ ዘረጋች። «ምን አድርጌ ነው፣ የኔ ልጅ?»

«የአዳራሹን ግድግዳ ማን ለቀለቀው?»

«ግድግዳ? በሐዘን ቤት ማን ይለቀልቃል? ነውር አይደለም እንዴ!»

«ትናንት የት ነበርሽ?»

«ቀብር ነዋ! ሙሾ ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ድምፄ ተዘግቶ አትሰሚም? አገር ጠይቂ።»

ድምጿ እውነትም እንደ ተሰነጠቀ ቅል ነበር። ትርሲት አፈረች፤ ጥርጣሬዋን ግን አልጣለችም።

«ከቤቱ ሰው ማን ቀብር ቀረ?»

ፈንታዬ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ በሩ ተገላመጠች። «እትዬ። እግሬ አብጧል አሉኝ። ቤት የሚጠብቅም ያስፈልጋል አሉ።»

«ስትመለሱ ምን አየሽ? ትንሽም ብትሆን ንገሪኝ።»

«ምን አያለሁ... ውኃው ብቻ። ቀብረኛ ሲመለስ እጁን የሚታጠብበት ውኃ በትልቅ ሳፋ ሞልቼ በር ላይ አስቀምጬ ነበር የሄድኩት። ስንመለስ ደፍርሶ ጭቃ ሆኗል። የሠፈር ልጆች ናቸው ብዬ ተራግሜ ደፋሁት።» አፏን በእጇ ያዘች። «ወይኔ! ምን እያልኩሽ ነው?»

ትርሲት ከምንጣፉ ጎን የተሰቀለው ፎቶ ትዝ አላት። «ስለ አንዷለም ልጠይቅሽ። ሱዳን ከገባ ወዲህ ወሬው ተሰምቷል?»

«አንዲት ቀን እንኳ። ጋሽ ወልደ ኪዳን ‹ተዝካሩ ይውጣ› ባሉ ቁጥር እትዬ ‹በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር ይወጣል?› እያሉ ይቆጧቸው ነበር።»

ትርሲት ያን አዲስ አቡጀዲ አስታወሰች። ላልተቀበረ ሰው።

ፍርድ ቤት የብርበራ ፈቃድ ሲሰጥ ኮማንደር ውበቴ እያጉረመረመ አብሯት መጣ። «የማርያም ማኅበር አለቃን ቤት አፍርሰን ባዶ ግድግዳ ብናገኝ ቢቸና በድንጋይ ነው የሚወግረን» አለ። ትርሲት ፈቃዱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። እሷም ፈርታለች።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ከወንበራቸው አልተነሱም። «የአያቴን ቤት የሚነካ በሬሳዬ ላይ ተራምዶ ነው» አሉ።

«እትዬ፣ ይነሱ። በክብር ልለምንዎ» አለች ትርሲት።

ሴትዮዋ ዓይን ዓይኗን አይተው ተነሱ። ፖሊሱ ምንጣፉን አወረደ፤ ድጂኖውን ሲያሳርፍ እርጥቡ ጭቃ እንደ ገንፎ ተናደ፣ ጡቡም ተከተለ። እንደ ሥዕሉ አምሮ የተጠረበ የድንጋይ ምድጃ ተገለጠ። ጥላሸት አልነካውም። ውስጡ የሰው አጥንት ተጣጥፎ ተቀምጧል። ከአጥንቱ ጋር የዛገ የወታደር ቀበቶ አለ።

«አንዷለም!» ብላ ፈንታዬ መሬት ላይ ተዘረረች። ውበቴ ቆቡን አወለቀ።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ዞር ብለው ፎቶውን አዩ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ።

«ቤቱን እንካፈል አለኝ። አዳራሹን መሐሉ ላይ ግድግዳ አቁመን፣ ግንቡ ላንቺ፣ ወዲህ ለእኔ አለ። ቤት እንደ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል? አያቴ አንድ አድርገው ያቆሙትን! ግንቡ ደረጃ ላይ ቆሞ በገመድ ሲለካ አየሁትና ገፋሁት። ይሞታል አላልኩም።»

«ወልደ ኪዳንስ?»

«እሳቸው ናቸው የደፈኑልኝ። ቤቱን ከእኔ አብልጠው ይወዱት ነበር። ኋላ ሲያረጁ ፈሩ። ‹አጥንቱ ፍትሐት ይድረሰው፣ አፈር ይቅመስ፤ እኔም ለንስሐ አባቴ ልናገር› አሉኝ። ግንበኛው ሲመጣማ ባሰባቸው። በዋዜማው ምሽት ስገባ ጡቡን አንስተው ተንበርክከው ያለቅሳሉ። ድጂኖው አጠገባቸው ነበር።»

«በድጂኖው መቷቸው፤ ሬሳቸውን ግንቡ ደረጃ ሥር ጎትተው ጣሉ፤ አጥንቱ እዚያው ቀርቶ ምንጣፉን መለሱበት» አለች ትርሲት። «እኔን ያናገሩኝ ክፍቱን ምድጃ በጀርባዎ ሸፍነው ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። በጽዮን ዕለት ግቢው ባዶ ነበር፤ እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል። ያን ቀን ቢደፍኑት ኖሮ ግንበኛው ገና አልተያዘም፤ በእሱ ይላከክ ነበር። ለምን ቀብሩን ጠበቁ?»

ሴትዮዋ የተሰደቡ ይመስል ቀና አሉ።

«በጽዮን?» አሉ። «በእመቤቴ ቀን ጭቃ ላቡካ? እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ልጄ!»

ትርሲት ልትስቅም ልትጮህም ቃጣት። የሁለት ሰው ነፍስ ያጠፋች ሴት በዓል መሻር ፈራች! ይልቅ ያናደዳት ግን ነገሩ ለእሷም መግባቱ ነው፤ የዚሁ አገር ልጅ ናትና። የጭቃውን ጉድጓድ ባየች ጊዜ እሷ ራሷ ‹በጽዮን ማን ጭቃ ይነካል› ብላ አልፋ የለ?

«ይምጡ፣ እትዬ፤ እንሂድ» አለች።

ከበሩ ውጭ የተሰበሰበው ሰው እንደ ልማዱ መንገድ ለቀቀላቸው። ካቴናውን ያየ ግን አንድም አልነበረም፤ ነጠላቸውን ጣል አድርገውበታል።

ስጦታው የተፈታው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ኮማንደር ውበቴ እጁን ጨብጦ «ምርመራ ነው፤ አትቀየመን» አለው። ትርሲት ቀበቶውንና ስልኩን ስትመልስለት ስጦታው ቀና ብሎ አያት።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቅ።»

«ይርጋነሽ... አልገደለም ብላ አምና ነበር?»

ትርሲት እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቀችም። ስንቱን አፋጥጣ የምታናዝዝ ሴት ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ጣለች።

«ከዚህ በር አልተነሳችም» አለችው።

ስጦታው ለመሄድ አልቸኮለም። ሌላ ቃል የምትጨምርለት መስሎት ጠበቀ፤ አልጨመረችም። ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

ትርሲት በመስኮት አየቻቸው። ይርጋነሽ ሮጣ መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ሕፃኑንም ሰጠችው። እሱ ልጁን ተቀብሎ ግንባሩን ሳመው። ከዚያ በገበያው መንገድ ቁልቁል ሲሄዱ እሷ ታወራለች፣ ታለቅሳለች፣ ስለ ነገው ክርስትና በእጇ ታሳያለች። እሱ ልጁን አቅፎ ፊት ፊቷ ይሄዳል፤ ወደ እሷ አልዞረም።